የአባባ አራት ላስቲኮች

ጥር 4 ቀን

ለታላቅ እህቴ፣ ለኮሌጅ መምህርቷ፣ ለቤታችን አንድ ለእናቱ ዲግሪ፤

በከባድ ሐዘን የምነግርሽ መርዶ ስላለ ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ወንበር ሳቢ። የሚደግፍሽ ሰው ካለም ጥሪ። ልቤ እየደማ፣ ብዕሬም እየተንቀጠቀጠ (የሚንቀጠቀጠው ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ነው) አሳውቅሻለሁ፦ ዘጠኝ የቤተሰባችን አባላት ባንድ ቀን ሊያልቁ ነው። ትልቁ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ትንሹ ገና ዘጠኝ፤ አንቺ ከቤት በወጣሽበት ዓመት የተወለደው።

አልቅሰሽ ከጨረስሽ ልቀጥል። የአባባ ፊልሞች ናቸው።

የፊልም ግምጃ ቤቱ «ቦታ ጠብቦናል» ብሎ ጥልቅ ትርጉም የሌላቸውን ፊልሞች በየካቲት መጨረሻ ሊያስወግድ ነው። ከያንዳንዱ ፊልም ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም እዚያ ነው። ከተጣለ ተጣለ። ማዳን የሚፈልግ ሰው ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ «የፊልሙ ጥልቅ ትርጉም፣ ከአንድ ገጽ ያላነሰ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። እኔን ታውቂኛለሽ። አሥረኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር በስምምነት ተለያየን፤ በስምምነት የምለው እነሱ ስለተስማሙ ነው። ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ከፍቼ ምን እንደነካው እነግርሻለሁ። የአባባን ፊልም ከፍቼ ግን ምን ልበል? ሰውዬው ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፣ ሱሪው ይቀደዳል፣ የቀለም ባልዲ ይደፋበታል፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ይፈሳል። አንድ ገጽ አይሞላም።

ስለዚህ አንቺ ጻፊው። ጥልቅ ነገር የተማርሽው ለዚህ ዓይነት ቀን ነው።

በደብዳቤ የመጣሁት ስልክ ስለማታነሺልኝ ነው። ከዲኑ ጋር ስብሰባ ላይ ሳለሽ ደውዬ ያሰማሁሽን ድምፅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልሽኝም። ይቅርታ፤ የምሬን ነው። ግን ዲኑ ምን አለ?

አባባ እንዴት ነው ካልሽኝ፣ ደህና ነው።

ታናሽሽ ቁንጫው


ጥር 15 ቀን

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ወንበርም ደጋፊም አላስፈለገኝም። ዲኑ ምንም አላለም፤ መስኮቱን ከፈተ።

አልጽፍም። እንዳትቀየመኝ፣ ምክንያቴን ልንገርህ። እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ነው የአባባ ፊልሞች በየሲኒማው የታወቁት። ስድስት ዓመት ሙሉ «የፈሱ ልጅ» እየተባልኩ ተማርኩ። መምህሩ ስሜን ሲጠራ ከኋላ ወንበር አንዱ በብብቱ ያንን ድምፅ ያወጣ ነበር፣ ክፍሉ ይንጫጫል፣ እኔ ቆሜ «አቤት» እላለሁ። አንተ ያኔ ገና አልነበርክም፤ ስትደርስ ደግሞ ብብት የሚጨምቀው አንተው ሆንክ።

እዚህ ሰዎች አባቴን በሌላ ሙያ ነው የሚያውቁት። የትኛው እንደሆነ አትጠይቀኝ። የመጨረሻውን ፊልም መሀል ላይ ጥዬ የወጣሁት ለምን እንደሆነም አባባ ያውቃል። በሕይወቴ አንዴ እንኳ ስሄድ በክብር ይሸኙኛል ብዬ ነበር፤ መሸኛዬን ሳይቀር መሳቂያ አደረገው። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ጥልቅ ነገር ቢኖር ጭቃው ብቻ ነው።

አባባን ሰላም በልልኝ። ጉልበቱን ተሻለው?

እህትህ


ጥር 27 ቀን

ለእትዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ለመሳቅ ያህል ደህና ነኝ። የአባባ ጉልበት ደረጃ ሲወጣ ያጉረመርማል፣ ሲወርድ ዝም ይላል። ሰላምታሽን ነገርኩት፤ ጋዜጣውን ገለበጠና ያነበበውን ገጽ መልሶ አነበበ።

እምቢ ስላልሽኝ አልተቀየምኩም። ብቻ አልጋሽ ሥር የተውሽውን የደብተር ካርቶን ፈታሁ። ይቅርታ ልበል? ካልሽ ይቅርታ። የማይገቡኝን ቃላት አንድ በአንድ ለቀምኩ። «ተምሳሌት» አገኘሁ፣ «ማኅበራዊ ሂስ» አገኘሁ፣ «አንድምታ» የሚባል ደግሞ በየገጹ ሞልቷል። እንደ ብሎን በየቦታው አስገብቼ አጠበቅኳቸው፤ ገጹ ሦስት አራተኛ ሞላ። ዋናው ነገር ብቻ ጎደለ፤ ትርጉሙ።

በጥገና ሱቃችን ውስጥ አንድ ድምፅ ማጉያ ሆዱን ከፍቼ፣ መበየጃውን እያጋልኩ ሳለ አንድ ያማረ ውሸት መጣልኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በዚህ ጠቢብ ሥራዎች ውስጥ ያ ድምፅ እንዲያው በዘፈቀደ አይሰማም። የሚሰማው ሰው ሲዋሽ ብቻ ነው። አፍ ሲዋሽ መቀመጫ እውነቱን ያወጣል።» ከግርጌ «የጸሐፊው ማዕረግ» የሚለው ቦታ ላይ የሱቃችንን ማኅተም መታሁበት፤ ማኅተሙ «የድምፅ ማጉያ ሐኪም» ይላል። ማን ይጠይቀኛል? ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ ወስጄ አስገባሁት።

ቅጹን የተቀበለኝ የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ነው። ቆሞ አነበበው። ሳይስቅ። ከዚያ «እስቲ እውነት መሆኑን እንየው» አለ። ላመለከተ ሰው ማየት ይፈቀዳል፤ ትንሽ ክፍል አላቸው፣ ሁለት ወንበርና አንድ ማሽን። ውሸቴ በቀኑ ሊጋለጥ ነው ብዬ ለበሩ የሚቀርበውን ወንበር ያዝኩ።

እትዬ፣ አሁን ወንበር ብትስቢ ይሻላል።

በመጀመሪያው ፊልም የቤት አከራዩ «ይህ ጣሪያ አንዲት ጠብታ አያስገባም» ይላል። ድምፁ ተሰማ። ጣሪያው ወረደ። ዘበኛው ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ግድግዳው ላይ አንድ ጭረት አሰመረ። በሁለተኛው ሙሽራው «ካንቺ በፊት ማንንም ዓይቼ አላውቅም» ይላል። ድምፅ። ጭረት። በሦስተኛው የማኅበሩ ሊቀ መንበር «እኔ የተመረጥኩት ለእናንተ ስል ነው» ይላል፤ እዚያ ላይ አሥራ አንድ ሰከንድ ይፈጃል፣ ሰዓት ይዤ ነው። በአራተኛው ደግሞ ተሸካሚው ትልቁን ቁም ሣጥን ብቻውን ያነሳል። ትዝ ይልሻል? ፊቱ ይቀላል፣ ጉልበቱ ይብረከረካል፣ ሰው ሁሉ ያንን ድምፅ ይጠብቃል። ዝም! ሁሌ «አባባ እዚህ ጋ ረስቶ ነው» እል ነበር። ረስቶ አይደለም። ሰውዬው የሚለው «ከባድ ነው» ብቻ ነው። እውነቱን ነዋ። ልብስ አጣቢዋም በአምስት ፊልም ስድስት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ትወድቃለች፤ አንድም ጊዜ አልፈሳችም።

ሦስት ቀን ሙሉ ፈጀብን። ግድግዳው ላይ ሥልሳ ሁለት ጭረት አለ። ሥልሳ አንዱ ውሸት ላይ ነው። እኔ ለማጭበርበር የጻፍኩት ነገር እውነት ሆኖ ቁጭ አለ! እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም።

ያልገጠመው አንዱ በመጨረሻው ፊልም ያለው ነው። አንቺ ጥለሽ የወጣሽበት። አባትየው መናኸሪያ ቆሞ ልጁን ይሸኛል፤ «እኔ ደህና ነኝ፣ ሂጂ» ይላታል፤ ያ ድምፅ በቀጭኑ ይሰማል። አባትየው በፊልሙ ሁሉ ደግ ሰው ነው፣ ማንንም አያታልልም። ዘበኛው ጭረቱን አስምሮ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። እኔም አልገባኝ።

የትኛው ሙያ ነው ያልሻቸው ግን? ፖሊስ? አብራሪ?

ቁንጫው


የካቲት 9 ቀን

ለእትዬ፤

አባባ ራሱ ስለዚህ ነገር ምን አለ ብለሽ የጻፍሽው ደረሰኝ። በአራት መስመር ደብዳቤ ውስጥ ሦስት የጥያቄ ምልክት ካንቺ ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው፤ ጤናሽን ጠረጠርኩ።

ቀልዱን ትንሽ ላቁመውና የደበቅኩሽን ልንገርሽ። አባባ ደህና ነው ስልሽ ዋሽቼሻለሁ። አልታመመም። ግን ግምጃ ቤቱ አስቀድሞ የባለቤት ፈቃድ ጠይቆት ነበር፤ «ይወገዱ» ብሎ ፈርሟል። በገዛ እጁ። እኔ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄ ነው መርዶ እያልኩ ሳሾፍብሽ የነበረው። ሳልስቅ ብነግርሽ እኔው እንዳላለቅስ ፈርቼ ነው። ይቅርታ። ይህኛው ይቅርታ ከፊተኞቹ ይለያል።

ለምን ፈረምክ ስለው መላጫውን እያጠበ ነበር። አጥቦ ጨርሶ፣ አድርቆ፣ ቦታው መለሰው። ከዚያ «ልጄ እንዳትመጣ ያደረጋት ፊልሙ ነው። እሱ ይሂድና እሷ ትምጣ» አለ። ይኸው ነው ያለው።

እኔም ስለ ጭረቶቹ ነገርኩት። ሥልሳ አንድ ስል ቀና ብሎ ዓየኝ። «ማን ነው የነገረህ?» አለኝ። ማንም፣ ፈጥሬ ነው ስለው ወደ ቁም ሣጥኑ አናት በአገጩ አመለከተኝ።

የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ያ በልጅነቴ ብስኩት አለው ብዬ ከፍቼ ጆሮዬን የተጠመዘዝኩበት። ውስጡ ከመኪና ጎማ የተቆረጡ አራት ላስቲኮች አሉ። በሁለት አውራ ጣቱ መሀል ወጥሮ ሲነፋቸው ነው ያ ሁሉ ድምፅ የሚወጣው፤ ማሽን የለም፣ ሌላ ሰው የለም፣ ሥልሳ ሁለቱንም በገዛ አፉ ነው የነፋቸው። እያንዳንዱ ላስቲክ ላይ በክር የታሰረች ወረቀት አለች፣ በአባባ ጽሕፈት። የመጀመሪያዋ «ትንሽ ውሸት» ትላለች። ሁለተኛዋ «መካከለኛ ውሸት»። ሦስተኛው የእጄን መዳፍ ያህላል፦ «ትልቅ ውሸት፣ የሹም»።

እትዬ፣ ክው ነው ያልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሀገር ሲስቅ አንድ ሰው አልጠየቀውም፤ እሱም ለማንም አልነገረም። ለምን አልነገርክም ስለው «ሲነገር ስብከት ይሆናል፤ ሲሳቅበት ይገባል ብዬ ነበር» አለኝ።

አራተኛዋ ቀጭን ናት፣ ለብቻዋ በጨርቅ ተጠቅልላለች። አንዴ ብቻ የተነፋች ነው የምትመስለው። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦ «ለልጅ የሚዋሽ»።

አንቺ ከሲኒማው ከወጣሽ ከአምስት ቀን በኋላ እኔም አብሬ መናኸሪያ ነበርኩ። ሻንጣሽ ላይ ተቀምጬ ሳስቸግርሽ። አባባ በአውቶቡሱ መስኮት ምን እንዳለሽ ሰምቻለሁ። «እኔ ደህና ነኝ፣ ሂጂ» ነው ያለሽ። ላስቲክ አልያዘም።

ስለ ፊልሞቹ የሚወስነው የግምጃ ቤቱ ጉባኤ የካቲት 20 ነው። ባለቤቱ ፈርሟል ተብሎ ያለቀለት ጉዳይ ነው እየተባለ ነው። «የድምፅ ሐኪሙ» ቀርቦ ያስረዳ ብለውኛል፤ ሱሪዬን ዛሬውኑ እያስተኮስኩ ነው። አባባ አልመጣም ብሏል።

ወንድምሽ


የካቲት 14 ቀን

ለወንድሜ፤

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

ለጉባኤው ሰብሳቢ በቀጥታ ጽፌያለሁ። ምን እንዳልኩ አልነግርህም፤ አንተ አንድ ወር ደብቀኸኝ የለ? ጸጉርህን ተቆረጥ። ሐኪም ነኝ ብለህ አንዲት ቃል እንዳትናገር፤ በቤታችን አንድ ሐሰተኛ ሐኪም ይበቃል።

ጥርስ ሐኪም ነው ያልኳቸው።

እህትህ


የካቲት 22 ቀን

ለእትዬ፤

አንቺ ራስሽ ደውለሽ ውጤቱን ሰማሽ፣ ግን «እንዴት ሆነ» ስትዪ መስመሩ ተቋረጠ። አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አያልቅም፣ በወረቀት ነው የሚጣፍጠው።

ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰው፣ ከፊታቸው አምስት ብርጭቆ ውኃ። ሰብሳቢዋ በጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ፊታቸው እንደ ተዘጋ በር ነው። ሐኪም የሚለው ምንድን ነው ብለው ጀመሩ። የአሥረኛ ክፍል ማስረጃ እንኳ እንደሌለኝ፣ ማኅተሙም የሱቅ እንደሆነ ተናገርኩ። ይህን ስናገር ያንን ተሸካሚ አሰብኩት፤ እውነት የሚናገር ሰው ምንም ድምፅ አያወጣም። ከዚያ ዘበኛውን ጠራሁት። ሥልሳ ሁለቱንም ከየፊልሙ ገልብጦ በወረቀት ይዞ ነበር፣ ቆቡን አውልቆ አንድ በአንድ አነበበ። ከአምስቱ አንዱ አሥራ አንደኛው ላይ መሳቅ ጀምሮ ሳል አስመሰለው።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ቀየሩና የመጣ ደብዳቤ አለ አሉ። ያንቺን። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ «የእነዚህ ፊልሞች ሠሪ ልጅ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ለሥራ ባልደረቦቼ አባቴ ጥርስ ሐኪም ነው ስል ኖሬያለሁ። ያንን በተናገርኩ ቁጥር አባቴ አጠገቤ ቢኖር ኖሮ ትልቁን ላስቲክ ያነሳ ነበር፤ ልክም ነበር። ፈቃዱን የፈረመው ለእኔ ብሎ ነው። ለእኔ ከሆነ፣ እኔ አልፈልግም። ይቀመጡልኝ።»

እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር፤ ጫማዬ ላይ ብዙ የሚታይ ነገር ነበረው።

ያን ጊዜ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ተነሱ። ወፍራም ከረባት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ችግሩ የቦታ ብቻ ነው፤ በግሌ እነዚህን ፊልሞች ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳቸዋለሁ» አሉ።

ከኋላ ወንበር ያ ድምፅ ተሰማ።

እኔ አይደለሁም፣ እትዬ። እማልልሻለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እኔ አይደለሁም። ሁሉም እኔን አየ፣ እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ። አባባ ነው። ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ በሩ አጠገብ፣ አልመጣም ብሎኝ የመጣ። ትልቁን ላስቲክ በሁለት አውራ ጣቱ ወጥሮ ነፋው፤ ነፋው፤ እስትንፋሱ እስኪያልቅ። አሥራ አምስት ሰከንድ። የራሱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ፊቱ ላይ አንዲት መስመር አልተነቃነቀችም።

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ሰብሳቢዋ ወደ ኃላፊው ቀስ ብለው ዞሩ። «ከልጅነትዎ ጀምሮ ከሚወዱት የትኛውን ነው አብልጠው የሚወዱት?»

ኃላፊው አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። የአንዱን ስም ማምጣት አቃታቸው። «ሁሉንም» አሉ በመጨረሻ። አባባ መካከለኛዋን አነሳ።

ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ! ሳል ያስመሰለው ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፣ ውኃ ፈሰሰ፣ ዘበኛው ቆቡን ፊቱ ላይ አድርጎ ግድግዳ ተደገፈ። ሰብሳቢዋም ሳቁ። ያ በር ሲከፈት ማየት ነበረብሽ። እንባቸውን እየጠረጉ «ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ስቀመጥ ይህቺ ላስቲክ በእጄ ብትኖር ስንት ሥራ ይቀልልኝ ነበር» አሉ። ከዚያ መደርደሪያው ይታይ ብለው አዘዙ። ዘበኛው አርባ ሣጥን ቆጥሮ መጣ፤ አርባውም ኃላፊው ሪባን ሲቆርጡ የተቀረጸ ነው። ግማሹ ይነሳ ተባለ። የአባባ ፊልሞች ይቀመጡ፣ ቅጂም ይሠራላቸው፣ በመጋቢት ለሕዝብ ይታዩ ተብሎ በአምስት ድምፅ ተወሰነ። በአምስት፣ እትዬ! እኔ በሕይወቴ ከሁለት በላይ ሰው የተስማማብኝ ከትምህርት ቤት ስባረር ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን ሲሰማ አባባ ምን አለ ትዪኝ ይሆናል። ሰብሳቢዋን ደብዳቤውን ለመናቸው፣ ሰጡት፣ አራት አጥፎ ቆርቆሮው ውስጥ ከላስቲኮቹ ጋር አስቀመጠው። ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃውን ወጣ፤ ጉልበቱ አላጉረመረመም፣ ወይ እኔ አልሰማሁም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመና «ጥርስ?» አለኝ። «ምናለ እንኳ የልብ ሐኪም ብትለኝ?»

ቅዳሜ እንደምትመጪ ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት አራት ጊዜ ጠይቆኛል። ስንሸኝሽ የነበርንበት በር ላይ እንቆማለን። እንዴት ነህ ብትዪው ምን እንደሚልሽ አላውቅም፤ ቀጭኗን ላስቲክ ግን እኔ ደብቄያታለሁ፣ አትፍሪ።

እንግዲህ ላጠቃልል። በከባድ መርዶ ጀምሬ አስደነገጥኩሽ። አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው የተረፈልን ነገር አንድ ክንድ የማይሞላ መደርደሪያ ነው። ዘጠኝ ሣጥን፣ አቧራ፣ አንድ ሳል ያስመሰለ ሰውዬ። ማንም ሀብታም አልሆነ፣ ዓለምም እንደነበረች ናት። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያውም ቢሆን ጉዳዩ ተራ ነገር ነበር፤ ያን ያህል የሚጻፍበት አልነበረም።

ይህን የመጨረሻውን መስመር ስጽፍ አባባ ከትከሻዬ በላይ ያነብ ኖሯል። ትልቁን ነፋው።

ቁንጫው